መዋቅር ሲቀየር በትውስት ሂዱ ከተባላችሁ፦ ከመፈረማችሁ በፊት ጀምሮ እስከ መመለሻችሁ

ባሕር ዳር ውስጥ አንድ ድርጅት መዋቅር መቀየር በጀመረ ቁጥር ስልኬ አያርፍም። ጥያቄው ሁሌም ያው ነው። «ለስድስት ወር ጎንደር ባለው እህት ድርጅት በትውስት ሥሪ አሉኝ። እምቢ ብል ያባርሩኛል? ብሄድስ ቦታዬ ይጠብቀኛል?» ለእያንዳንዱ ሰው በስልክ እየቆራረጥኩ ከምመልስ ሙሉውን እዚህ ጽፌዋለሁ።

በትውስት መሄድ፣ ማለትም ውላችሁ ከአሠሪያችሁ ጋር እንዳለ ለጊዜው ለሌላ ድርጅት መሥራት፣ በራሱ ክፉ አይደለም። አዲስ ሥራ ይለመዳል፣ አበልም ይኖረዋል። ጣጣው የሚመጣው ሲመለሱ ነው። እናንተ ሌላ ከተማ እያላችሁ አዲሱ መዋቅር ይጸድቃል፣ ድልድሉ (ማን በየትኛው መደብ እንደተመደበ የሚያሳየው ዝርዝር) ይለጠፋል፣ ስማችሁ የለም። ከዚያ በኋላ መደብ የሌላችሁ ተንሳፋፊ ናችሁ። ስለዚህ ከታች ያሉት እርምጃዎች በሙሉ የሚያመሩት ወደ አንድ ወረቀት ነው። መቼና ወደ የትኛው መደብ እንደምትመለሱ የሚናገር፣ ፊርማና ማኅተም ያረፈበት ወረቀት።

ይህ ማንን ይመለከታል?

የምጽፈው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሚተዳደሩ ሠራተኞች ነው። የግል ድርጅት፣ የባንክ፣ የሆቴል፣ የፋብሪካ ወይም የመንግሥት የልማት ድርጅት ሠራተኛ ከሆናችሁ እዚህ ውስጥ ናችሁ።

ሁለት ዓይነት ሰዎች ግን ይለያሉ። አንደኛው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው። እሱ የሚተዳደረው በመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ነው፤ የክልል ሠራተኛ ከሆነ ደግሞ በክልሉ አዋጅ። ቅሬታውም በመሥሪያ ቤቱ ቅሬታ ሰሚ በኩል አልፎ ወደ አስተዳደር ፍርድ ቤት ይሄዳል። እርምጃ 1፣ 6 እና 8 ለእናንተም ይሠራሉ፤ የጊዜ ገደቦቹንና ስሌቶቹን ግን ከዚህ አትውሰዱ። ሁለተኛው የሥራ መሪ ነው። ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማሰናበት ወይም የድርጅቱን ፖሊሲ የማውጣት ሥልጣን ያለው ሰው በዚህ አዋጅ አይሸፈንም። የሚታየው ሥልጣኑ ነው እንጂ ስያሜው አይደለም። «ኃላፊ» የሚል መጠሪያ ስላላችሁ ብቻ ከአዋጁ ወጥታችኋል ማለት አይደለም።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- የቅጥር ደብዳቤ ወይም የሥራ ውል
- የሥራ መዘርዝር (የመደቡ ተግባርና ኃላፊነት)
- የእድገት፣ የደረጃና የደመወዝ ጭማሪ ደብዳቤዎች
- የቅርብ ወራት የደመወዝ ማስረጃ፣ ወይም ደመወዝ የሚገባበት የባንክ ሂሳብ መግለጫ
- ድርጅቱ የኅብረት ስምምነት (ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር የተፈራረመው ውል) ካለው የእሱ ቅጂ፣ እንዲሁም የሥራ ደንቡ
- የጡረታ መለያ ቁጥራችሁ
- ያልተጠቀማችሁበት የዓመት ፈቃድ ቀሪ ስንት እንደሆነ የሚያሳይ ወረቀት
- አንድ ደብተርና ፎቶ የሚያነሳ ስልክ

ወረቀቶቹን ቢሮ መሳቢያ ውስጥ አትተዉ። እያንዳንዱን ፎቶ አንስታችሁ በራሳችሁ ኢሜይል ወይም ቴሌግራም ላይ አስቀምጡ። መዋቅር ሲቀየር ቢሮ ይቀያየራል፣ ፋይል ይጠፋል። የቅጥር ደብዳቤ የሌላችሁ ከሆነ አሁኑኑ በጽሑፍ ጠይቁ። በጽሑፍ ውል ያልተደረገለት ሠራተኛ ካለ፣ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር ጽፎና ፈርሞ መስጠት እንዳለበት አዋጁ ይናገራል።

እርምጃ 1፦ ጥያቄውን በጽሑፍ አስመጡ

አለቃችሁ ኮሪደር ላይ አግኝቷችሁ «ከሰኞ ጀምሮ ጎንደር ናችሁ» ቢላችሁ መልሱ አንድ ነው፦ «ደብዳቤው ይሰጠኝና አይቼ እመልሳለሁ።» ይህ እሺም አይደለም፣ እምቢም አይደለም።

ለምን? በቃል «እምቢ» ካላችሁ ትእዛዝ አልቀበልም ብሏል ተብሎ ሊጻፍባችሁ ይችላል። በቃል «እሺ» ካላችሁ ደግሞ ዝርዝሩን ሳታውቁ ተስማምቷል ትባላላችሁ። ደብዳቤ ካልመጣ በዚያው ቀን በኢሜይል ወይም በቴሌግራም አጭር መልእክት ለሰው ሀብት ክፍል ላኩ፦ «ዛሬ በቃል ስለተነገረኝ የትውስት ሥራ ዝርዝሩ በጽሑፍ እንዲደርሰኝ እጠይቃለሁ።» መልእክቱን ስክሪንሾት አድርጋችሁ ያዙ።

እርምጃ 2፦ የቀረበላችሁ ነገር በእውነት ትውስት መሆኑን አረጋግጡ

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡት። ደብዳቤው ላይ «ትውስት» ወይም «ውሰት» ስለተባለ ብቻ ትውስት አይሆንም። አራት የተለያዩ ነገሮች በዚህ ስም ይመጣሉ፣ መብታችሁም በእያንዳንዱ ይለያያል።

ሀ. ዝውውር። አሠሪያችሁ ያው ነው፣ ቅርንጫፉ ብቻ ይቀየራል። ለምሳሌ ከባሕር ዳር ወረታ ወይም ዳንግላ ወዳለው የራሱ ቅርንጫፍ። ውላችሁ ወይም የኅብረት ስምምነቱ ዝውውርን ከፈቀደ፣ ደረጃውና ደመወዙም ካልተነካ እምቢ ማለት ያሰጋል።

ለ. እውነተኛ ትውስት። አሠሪያችሁ የድሮው ነው፣ ውላችሁም እንዳለ ነው። ነገር ግን የምትሠሩት ለሌላ ድርጅት፣ በሌላ አለቃ ሥር ነው። የሥራ ውል በእናንተና በአሠሪያችሁ መካከል ያለ ስምምነት ነው። ለሌላ ድርጅት መሥራት ውሉ ውስጥ ከሌለ፣ ውሉን መቀየር ነውና የእናንተን የጽሑፍ ስምምነት ይፈልጋል።

ሐ. አዲስ ቅጥር በትውስት ስም። መልቀቂያ ጻፉ ይባላል፣ ከተቀባዩ ድርጅት ጋር አዲስ ውል ይፈረማል። አንዳንዴ አዲሱ ውል የሠራተኛ አቅራቢ ኤጀንሲ ነው። ሁለት ምልክቶች አሉት፦ የሥራ መልቀቂያ መጠየቁ፣ እና አዲሱ ወረቀት ላይ የሙከራ ጊዜ መኖሩ። የሙከራ ጊዜ የሚያዘው ለአዲስ ሠራተኛ ነው፤ ጣሪያውም 60 የሥራ ቀን ነው። በሙከራ ጊዜ ያለ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ስንብት ክፍያ ሊሰናበት ይችላል። ለዓመታት የሠራ ሰው ይህን ሲፈርም የዓመታት ጥበቃውን በአንድ ፊርማ ይጥላል።

መ. ድርጅቱ ራሱ ሲዛወር። ድርጅቱ ጠቅልሎ ወደ ሌላ ከተማ ከሄደና እናንተ አልሄድም ካላችሁ፣ አሠሪው ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ውሉን ማቋረጥ እንደሚችል አዋጁ አንቀጽ 28 ላይ ተጽፏል። ይህ ከትውስት ጋር አይገናኝም፤ ስሌታችሁም ሌላ ነው።

የትኛው እንደሆነ ካልለየላችሁ አንድ ጥያቄ በጽሑፍ ጠይቁ፦ «በዚህ ጊዜ ውስጥ አሠሪዬ ማን ነው?» መልሱ ሁሉንም ይገልጠዋል።

እርምጃ 3፦ ውላችሁን፣ የኅብረት ስምምነቱንና የሥራ ደንቡን አንብቡ

በአዋጁ አንቀጽ 15 መሠረት፣ በአዋጁ ያልተወሰኑ የውል ሁኔታዎች የሚቀየሩት በሦስት መንገድ ነው፦ በኅብረት ስምምነት፣ በአዋጁ መሠረት በወጣ የሥራ ደንብ፣ ወይም በሁለቱ ወገኖች የጽሑፍ ስምምነት። ስለዚህ ሦስቱንም ማየት አለባችሁ። ውሉን ብቻ አይቶ «እኔ እንዲህ አልፈረምኩም» ማለት አይበቃም። የኅብረት ስምምነቱ ፈቅዶት ሊሆን ይችላል።

የምትፈልጉት «ድርጅቱ በሚመድበኝ ማናቸውም ቦታ» የሚል ወይም የሚመስል ሐረግ ነው። ካለ፣ ሐረጉ በድርጅቱ ውስጥ ስላለ ቦታ ነው ወይስ ሌላ ድርጅትንም ይጨምራል? ቃል በቃል አንብቡት። የመጀመሪያው ብቻ ከሆነ ወደ ሌላ ድርጅት ለመላክ አይበቃም ብላችሁ መከራከር ትችላላችሁ።

መዋቅሩ የተቀየረው ድርጅቱ ከሌላ ስለተዋሐደ፣ ስለተከፈለ ወይም ባለቤቱ ስለተቀየረ ከሆነ አንቀጽ 16 እና 23ን ያዙ። መዋሐድ፣ መከፈል ወይም የባለቤትነት መተላለፍ የሥራ ውልን አይለውጥም፣ አያቋርጥምም። «አዲስ ባለቤት መጥቷልና ሁላችሁም አዲስ ውል ትፈርማላችሁ» የሚባለው ነገር በሕጉ ቦታ የለውም።

እርምጃ 4፦ ስለ መደባችሁ ጠይቁ

ሰዎች ስለ አበል ሲጠይቁ ይውላሉ፣ ስለ መደባቸው ግን አይጠይቁም። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው መደቡን ነው። እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች በጽሑፍ አስገቡ፦

- አሁን ያለሁበት የሥራ መደብ በአዲሱ መዋቅር ውስጥ አለ?
- ካለ፣ በትውስት እያለሁ ሌላ ሰው በቋሚነት ይመደብበታል ወይስ በጊዜያዊነት?
- ከሌለ፣ ስመለስ በየትኛው መደብ፣ ደረጃና ደመወዝ እመደባለሁ?

ምክንያቱ ይህ ነው። የሠራተኛው መደብ ከተሰረዘና ወደ ሌላ ሥራ ማዛወር ካልተቻለ አሠሪው በማስጠንቀቂያ ሊያሰናብት ይችላል። እናንተ በትውስት ርቃችሁ እያለ መደቡ ከተሰረዘ፣ «ሌላ ቦታ ፈልገን አጣን» ማለት ይቀላል። አስቀድሞ የተጻፈ የመመለሻ መደብ ካለ ግን ያን ማለት ያስቸግራል።

የሠራተኛ ቅነሳም እንዳለ አጣሩ። ከድርጅቱ ሠራተኞች ቢያንስ 10 በመቶው፣ ወይም ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ባለው ድርጅት ቢያንስ 5 ሰው፣ ከ10 ቀን ባላነሰ ተከታታይ ጊዜ ውስጥ የሚሰናበት ከሆነ ሕጉ ቅነሳ ይለዋል። ያኔ አሠሪው ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከሠራተኛ ተወካዮች ጋር መመካከር አለበት። ቅድሚያ የሚቆየው ሙያና ምርታማነት ያለው ነው፤ በዚህ እኩል ከሆኑ የአገልግሎት ዘመንና የቤተሰብ ብዛት ይታያል። ስለዚህ በትውስት ላይ ያለ ሠራተኛ ከዚህ ምዘና እንዳይዘለል በስምምነቱ ውስጥ አስገቡ።

እርምጃ 5፦ ገንዘቡን አስሉ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይታለላል፣ ስለዚህ በቁጥር እንየው። መነሻ ደመወዛችሁ 12,000 ብር ነው እንበል። የሠራችሁት 7 ዓመት ነው። ሄዳችሁ ስትሠሩ 5,000 ብር አበል ይጨመርላችኋል ተባለ። 17,000 ሆነ ብላችሁ ደስ ሊላችሁ ይችላል።

የውሎ አበል፣ የመጓጓዣ አበል፣ የጓዝ ማንሻና የመሳሰሉት ግን በአዋጁ አንቀጽ 53 መሠረት ደመወዝ አይባሉም። የጡረታ መዋጮ የሚሰላው ከደመወዝ ነው፤ ከእናንተ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ። በ12,000 ብር 840 ከእናንተ፣ 1,320 ከአሠሪው ማለት ነው። 5,000ው አበል ለጡረታችሁ ምንም አይጨምርም። ስትመለሱም ይቆማል። እንግዲህ አበሉን ወጪያችሁን ይሸፍናል ወይ ብላችሁ መዝኑት እንጂ እንደ ጭማሪ አትቁጠሩት። ቤተሰብ ባሕር ዳር ቀርቶ እናንተ ጎንደር ቤት ከተከራያችሁ ሁለት የቤት ኪራይ ነው፤ በየሁለት ሳምንቱ መመላለሻ ትራንስፖርትም አለ። 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በደርሶ መልስ አስቡት።

አሁን አዲስ ቅጥርን (እርምጃ 2፣ ሐ) አነጻጽሩ። የስንብት ክፍያ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ነው። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ ይጨመራል፤ ጠቅላላው ግን ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። ለስሌት የቀኑን 400 ብር እንያዝ።

- የመጀመሪያው ዓመት፦ 12,000
- ቀሪው 6 ዓመት በ4,000፦ 24,000
- ድምር፦ 36,000 ብር

ስንብቱ በቅነሳ ከሆነ የ60 ቀን ደመወዝ፣ ማለትም 24,000 ብር ይጨመራል። መልቀቂያ ጽፋችሁ በአዲስ ውል ከገባችሁና ከ8 ወር በኋላ ከተቀነሳችሁ ግን የስንብት ክፍያው 36,000 መሆኑ ቀርቶ ወደ 8,000 ይወርዳል። የዓመት ፈቃዳችሁም እንዲሁ። በ7 ዓመት 19 የሥራ ቀን የደረሰው ወደ 16 ይመለሳል።

የሠራተኞች ቁጠባና ብድር ማኅበር አባል ከሆናችሁ ወይም ከደመወዝ የሚቆረጥ ብድር ካለባችሁ፣ ደመወዛችሁን የሚከፍለው ማን እንደሆነ አጣሩ። ፔይሮሉ ወደ ተቀባዩ ድርጅት ከዞረ ቁርጡ ሊቋረጥና እናንተ ሳታውቁት ውዝፍ ሊጠራቀምባችሁ ይችላል።

እርምጃ 6፦ ስምምነቱ ውስጥ የሚገቡትን ነጥቦች አስጽፉ

ወረቀቱ በሦስት ወገን ቢፈረም ጥሩ ነው፦ በአሠሪያችሁ፣ በተቀባዩ ድርጅትና በእናንተ። ቢያንስ በአሠሪያችሁና በእናንተ ግን የግድ ነው። የሚከተሉት ይኑሩበት፦

- የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ቀን። «ለተወሰነ ጊዜ» ወይም «ሥራው እስኪጠናቀቅ» አይበቃም። ቢራዘም በአዲስ የጽሑፍ ስምምነት መሆኑም ይጻፍ።
- «የሥራ ውሉ ከነባሩ አሠሪ ጋር እንደጸና ይቆያል፣ የአገልግሎት ዘመኑም አይቋረጥም» የሚል ዓረፍተ ነገር።
- የመመለሻ መደብ፣ ደረጃና ደመወዝ። መደቡ ቢሰረዝ «ተመጣጣኝ በሆነ መደብ» ተብሎ ደመወዙ እንደማይቀንስ ይጨመር።
- ደመወዝ፣ ግብርና የጡረታ መዋጮ የሚከፍለው ማን እንደሆነ።
- አበል፣ የጓዝ ማንሻና የመመለሻ ጉዞ ወጪ በቁጥር።
- የምትሠሩት ሥራ፣ የሥራ ሰዓቱና የቅርብ አለቃችሁ። የዓመት ፈቃድ የሚፈቅደውም ማን እንደሆነ ይታወቅ፤ አለበለዚያ ሁለቱም «እኔ አይደለሁም» ይሏችኋል።
- የሥራ አፈጻጸም ምዘና የሚሞላው ማን ነው? ምዘና ያልተሞላለት ሰው በድልድል ጊዜ ነጥብ ያጣል።
- የውስጥ ማስታወቂያና የእድገት ውድድር እንዲደርሳችሁ። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፈውን ከጎንደር ሆናችሁ አታዩትም።
- በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ተጠያቂው አሠሪ ማን እንደሆነ።

የመጨረሻውን ላብራራው። ድርጅቱ ለሠራተኞቹ ባቀረበው ሰርቪስ ወይም ለዚሁ በተከራየው ተሽከርካሪ ወደ ሥራ ስትሄዱ ወይም ስትመለሱ የሚደርስ ጉዳት በሕጉ የሥራ ላይ ጉዳት ነው። በራሳችሁ ሂሳብ በባጃጅ ወይም በሚኒባስ ስትመላለሱ ግን ነገሩ ይለያል። ሥራው ከባሕር ዳር በጀልባ የሚደረስበት ከሆነ፣ ለምሳሌ ዘጌ፣ ጀልባውን የሚያቀርበው ድርጅቱ መሆኑን አስጽፉ። የነፍስ አድን ጃኬትም እንዲኖር ጠይቁ። ጣና ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲያነሳው ቀልድ የለውም።

ሌላም አለ። መንገድ በሚዘጋበት ወይም ስልክና ኢንተርኔት በሚቋረጥበት ጊዜ መድረስ ቢያቅታችሁ እንደ ቀሪ እንደማይቆጠር አንድ መስመር አስጨምሩ። በጽሑፍ እየተነገረው በ6 ወር ውስጥ በድምሩ 5 ቀን ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላልና ይህችን መስመር አትናቋት።

እርምጃ 7፦ መልሳችሁን በጽሑፍ ስጡ

ሦስት ዓይነት መልስ አለ።

መቀበል። እርምጃ 6 ላይ ያሉት ነጥቦች ከተሟሉ ፈርሙ።

በቅድመ ሁኔታ መቀበል። ብዙ ጊዜ የሚሠራው ይህ ነው። እንዲህ መጻፍ ትችላላችሁ፦

«ለሰው ሀብት አስተዳደር
ባሕር ዳር
ጉዳዩ፦ የትውስት ሥራን ይመለከታል
በቀን ______ በቁጥር ______ በተጻፈ ደብዳቤ ለ______ ወር በ______ በትውስት እንድሠራ ተጠይቄአለሁ። ጥያቄውን በመርህ ደረጃ የምቀበለው ሲሆን፣ የሥራ ውሌና የአገልግሎት ዘመኔ እንደማይቋረጥ፣ የምመለስበት የሥራ መደብ፣ ደረጃና ደመወዝ፣ የመመለሻ ቀኑ፣ እንዲሁም የጡረታ መዋጮዬን የሚከፍለው አካል በጽሑፍ እንዲረጋገጥልኝ እጠይቃለሁ። ይህ እስኪደርሰኝ ድረስ በመደበኛ ሥራዬ ላይ እገኛለሁ።
ከሰላምታ ጋር»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አታውጧት። ሥራ እንዳልተዋችሁ የምትመሰክርላችሁ እሷ ናት።

አለመቀበል። የታመመ ወላጅ፣ ትንሽ ልጅ ወይም የራስ ሕመም ሊኖር ይችላል። ምክንያታችሁን ባጭሩ ጻፉ፣ ማስረጃ አያይዙ። ከቻላችሁ ሌላ አማራጭ አቅርቡ፤ አጭር ጊዜ ወይም ቀረብ ያለ ቦታ። ከዚያ በየቀኑ በሰዓታችሁ ሥራ ግቡ፣ ፈርሙ። ቅሬታ ማቅረብ ወይም ክስ መመሥረት በራሱ ለማሰናበት ሕጋዊ ምክንያት እንደማይሆን አንቀጽ 26 ይናገራል።

ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ አዘጋጁ። አንዱን መዝገብ ቤት አስገቡ፣ በሌላው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስመቱ። አንቀበልም ካሉ ፖስታ ቤት ሄዳችሁ በሪኮማንዴ (በተመዘገበ ደብዳቤ) ላኩትና ደረሰኙን ያዙ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት በደረሰ ቁጥር የሚጠየቀው «መቼ አሳወቅህ?» ነው።

እርምጃ 8፦ ከመሄዳችሁ በፊት ርክክብ አድርጉ፣ ክሊራንስ ግን አትሙሉ

ክሊራንስ የሚሞላው ድርጅቱን ለቆ የሚሄድ ሰው ነው። በትውስት የሚሄድ ሰው የሚፈርመው የሥራና የንብረት ርክክብ ነው። ክሊራንስ ሞልታችሁ ከሄዳችሁ በኋላ «እሱማ ለቋል» ቢባል ወረቀቱ እናንተው ላይ ይመሰክራል። ቅጹ ሌላ ከሌለ በግልጽ «ለትውስት ሥራ ርክክብ፣ የሥራ ውሉ ያልተቋረጠ» ብላችሁ በእጃችሁ ጻፉበትና ፈርሙ። የዓመት ፈቃድ ቀሪያችሁንም በዚያው ዕለት አስመዝግቡ።

እርምጃ 9፦ እዚያ እያላችሁ

ደመወዝ በገባ ቁጥር መጠኑን አጣሩ። የጡረታ መዋጮው በስማችሁ መግባቱን አልፎ አልፎ ጠይቁ። የባሕር ዳሩ ቢሮ ውስጥ ማስታወቂያ የሚነግራችሁ አንድ ታማኝ ባልደረባ ይኑራችሁ። የሠራተኛ ማኅበር አባልነታችሁን አታቋርጡ፤ ድልድል ሲመጣ ስለ እናንተ የሚናገር ሰው የሚገኘው እዚያ ነው። ከሥራ መዘርዝሩ ውጭ የሆነ ትእዛዝ ከመጣ ለሁለቱም ድርጅቶች በጽሑፍ አሳውቁ።

እርምጃ 10፦ የመመለሻው ቀን ሲደርስ

ከማብቂያው አንድ ወር በፊት «በቀን ______ ወደ መደበኛ ሥራዬ እመለሳለሁ» ብላችሁ ለአሠሪያችሁ ጻፉ። ዝም ብላችሁ ከቆያችሁ «ተስማምቶ ቀጥሏል» ይባላል። በቀኑ በአካል ተገኙ። መደብ የለም ካሏችሁ ያንኑ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ወደ ቤት ሄዳችሁ እስክትጠሩ አትጠብቁ።

ስንብት ከመጣ ማስጠንቀቂያችሁን ቁጠሩ። የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ እስከ አንድ ዓመት ለሠራ 1 ወር፣ ከአንድ እስከ 9 ዓመት ለሠራ 2 ወር፣ ከ9 ዓመት በላይ ለሠራ 3 ወር ነው። በቅነሳ ከሆነ 2 ወር። የሚገባችሁ ክፍያ ውሉ ከተቋረጠ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል አለበት።

የጊዜ ገደቦቹን ደብተራችሁ ሽፋን ላይ ጻፉ፦

- ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ፦ 3 ወር
- የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የሌላ ክፍያ ጥያቄ፦ 6 ወር
- ሌላ ጊዜ ያልተቀመጠለት ከሥራ ግንኙነት የሚመነጭ ጥያቄ፦ 1 ዓመት

ለራሱ ለድርጅቱ ማመልከቻ እየጻፋችሁ ብትጠብቁ ሰዓቱ አይቆምላችሁም። «እናየዋለን» እየተባለ ሦስት ወር ያልፍና በር ይዘጋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ወደ ከተማው የሥራ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪን ወይም አስማሚን አነጋግሩ፣ አለዚያም ክስ አቅርቡ። ሠራተኛ ለሚያቀርበው የሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። ጠበቃ የምትከፍሉበት ከሌላችሁ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ ወረቀቶቻችሁን በቀን ቅደም ተከተል አስተካክላችሁ ሂዱ።

ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው

ተናዶ ሥራ ማቆም። ትክክለኛ ቅሬታ የነበረው ሰው በመቅረቱ ብቻ ጉዳዩን ያበላሻል።

ባዶ ቦታ ያለው ቅጽ ላይ መፈረም። ቀኑ፣ ደመወዙ ወይም ቦታው ሳይሞላ አትፈርሙ። ተገዳችሁ የምትፈርሙ ከሆነ ከፊርማው በላይ «መብቴን ጠብቄ የፈረምኩ» ብላችሁ ቀኑን ጻፉ፣ ወረቀቱንም ፎቶ አንሱ።

«ሁሉም ፈርሟል» የሚለውን መስማት። የሌላው ሰው ውል፣ አገልግሎትና ቤተሰብ ከእናንተ ይለያል።

በስምምነት ለመለያየት ሲጠየቁ ቶሎ መፈረም። በስምምነት ውል ማቋረጥ ሠራተኛውን የሚያስገድደው በጽሑፍ ሲሆን ነው። በሕግ የተሰጣችሁን መብት ትታችኋል የሚል ሐረግ ቢኖርበት ደግሞ ሐረጉ ዋጋ የለውም፤ አንቀጽ 25 ይህን ይላል። ቢሆንም ፈርሞ ከመከራከር ሳይፈርሙ መከራከር ይሻላል። አንድ ቀን ስጡኝ በሉና ወረቀቱን ይዛችሁ ለማኅበራችሁ ወይም ሕግ ለሚያውቅ ሰው አሳዩ። ያንን አንድ ቀን የሚከለክላችሁ ካለ፣ ወረቀቱን ደግማችሁ አንብቡት።